የቴሌስኮፑን ሰዓት ለመሙላት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ መጋቢት 4 ቀን 2000 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሸዋ ሮቢት፣ የትምህርት ቤቱ የሥነ ፈለክ ክበብ ክፍል
የተገኙ፦
1. አቶ ተፈራ፣ ሰብሳቢ (የሽንኩርት አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበርም ናቸው)
2. ሐጂ ሷሊሕ፣ የወላጆች ተወካይ
3. ወ/ሮ ፈለቀች፣ ባለሆቴል፣ የመስተንግዶ ኃላፊ
4. መምህርት ራሔል፣ የክበቡ ኃላፊ
5. ኪሩቤል፣ ጸሐፊ (እኔ)

ለ9 ሰዓት የተጠራው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ፣ እንደ ልማዳችን በ11 ሰዓት ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የመሣሪያው ጥፋት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ በውሰት የመጣው ቴሌስኮፕ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ከተነገረው ኮከቡን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ትናንት ማታ እሳቸው ራሳቸው ከእጅ ሰዓታቸው አይተው “2 ሰዓት፣ 2000” ብለው ሞሉና ሳተርንን አሳየኝ አሉት። መሣሪያው አፍንጫውን መሬት ላይ ተከለ። ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ስለሆነ ግለ ሂስ ያድርግ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ።

መምህርት ራሔል እጅ አውጥተው፣ መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ መሆኑን፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ 8 ሰዓት፣ ማርች 13፣ 2008 ተብሎ መሞላት እንዳለበት ተናገሩ። ወላጆች ዛሬ መጥተው ምንም ካላዩ ይህ ክፍል ከነገ ጀምሮ የሽንኩርት መጋዘን እንደሚሆንም አስታወሱ። ሰብሳቢው ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም “ልዩ ልዩ” ላይ ይታያል አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ መሣሪያው በማስጠንቀቂያ እንዲታለፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በማን ሰዓት?

በዚህ መካከል ፀሐይ ጠለቀች። ሐጂ ሷሊሕ፣ “እንግዲህ ጁምዓ ገባ። ሐሙስ ብላችሁ ብትሞሉት ውሸታሞች ናችሁ” አሉ። ወ/ሮ ፈለቀች በበኩላቸው አንድ ፈረንጅ ለስምንት ሰዓት ቁርስ አዝዞ፣ በስምንት ሰዓት ቢያቀርቡለት ተቆጥቶ ሳይከፍል ወደ ኮምቦልቻ መሄዱን አውስተው፣ በዚያ ሰዓት እምነት እንደሌላቸው ገለጹ። ሰብሳቢው ለአንድ ቱቦ ብለን ሰዓታችንን አንቀይርም አሉ።

ክርክሩ ሲከር ሐጂ ሷሊሕ ወደ ሽምግልና ገቡ። “በድንበር የተጣላ መሬቱን እኩል ይካፈላል። ከሁለትና ከስምንት መካከል አምስት ነው። ዓመቱም 2004 ይሁን፤ ማንም አይከፋ።” ወ/ሮ ፈለቀች እልል አሉ።

በሦስት ድምፅ ድጋፍ መሣሪያው 5 ሰዓት፣ 2004 ተብሎ እንዲሞላ ተወሰነ። ጸሐፊው ድምፅ አልተጠየቀም። መምህርት ራሔል ድምፅ ሲሰጥ በእጃቸው ፈንታ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

አጀንዳ 3፦ የምልዓተ ጉባኤ መጓደል

ስለ መስተንግዶው ወጪ እየተነጋገርን ሳለ ከግቢው ጩኸት ተሰማ። ሐጂ ሷሊሕ ምን እንደሆነ አይተው ሊመለሱ ወጡ፤ አልተመለሱም። ድምፃቸው ብቻ፣ “ሱብሃነላህ! እውነትም ቀለበት አላት!” ሲል ገባ። ወ/ሮ ፈለቀች ሐጂን ሊጠሩ ወጥተው ቀሩ። ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤውን ላሟላ ብለው ወጡ። እኔና የጣሪያው ማራገቢያ ብቻችንን ስብሰባ ስለማንሆን ተከተልኳቸው።

መምህርት ራሔል ማንንም ሳያስፈቅዱ 8 ሰዓትና 2008 ሞልተዋል። ወላጁ ተሰልፏል። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው ማየት ጀመሩ፤ ከኋላ “ጋሼ ተፈራ፣ ወረፋ!” እስኪባሉ ድረስ ቀና አላሉም። ደስ አለኝ። ደስታ ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንደማይጻፍ አውቃለሁ፤ ጻፍኩት።

ስብሰባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ተበተነ። አባላቱ ሰልፍ ላይ እንዳሉ፣ ያለ ተቃውሞ፦
ሀ) ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤
ለ) የመሣሪያው ማስጠንቀቂያ ተነሥቷል፤
ሐ) ክፍሉ የክበቡ ሆኖ ይቀጥላል።

መምህርት ራሔል እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ሽንኩርቱስ፣ ጋሼ?” አሉ።

ሰብሳቢው እንደገና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው፣ “ውጭ ይደር” አሉ።