ሐሙስ የሚመጣው አንባቢ

(ቦንጋ። «ምንጫችን» የተባለ፣ በየገጠሩ ምንጭ የሚያጎለብት አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቢሮ። ሐሙስ ጠዋት፣ አምስት ሰዓት ገደማ። የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ዮሲ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩት ጋሽ ጣሰው በሩ ላይ ቆመዋል። የመጡት ስቴፕለር ሊዋሱ ነበር፤ ዮሲ ግን የድርጅቱ ድረ ገጽ የተከፈተበትን ቀን ጠይቆ ያዛቸው። ቀን ሲጠየቁ ደግሞ ጋሽ ጣሰው ቶሎ አይለቁም።)

ጣሰው፦ ጥር ሃያ አንድ ነው። አስትርዮ ማርያም ዕለት።

ዮሲ፦ እርግጠኛ ነዎት?

ጣሰው፦ እርግጠኛማ ነኝ። ቆይ፣ አይደለም። አስትርዮ ዕለት ዝናብ አልነበረም። ድረ ገጹ የተከፈተ ቀን ግን ዘንቧል፤ ጃንጥላዬን ሚኒባስ ውስጥ የረሳሁበት ቀን ነው። እንግዲህ የካቲት ይሆናላ።

ዮሲ፦ ቦንጋን በዝናብ ከቆጠሩማ ዓመቱን ሙሉ ድረ ገጽ ስንከፍት ነው የኖርነው።

ጣሰው፦ ጃንጥላው አዲስ ነበር።

ዮሲ፦ ጋሽ ጣሰው፣ ስለ ጃንጥላው አልጠየቅኩዎትም። ማሽኑ ዛሬ ሲመጣ ቀን ይፈልጋል።

ጣሰው፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ገደማ» ብለህ ጻፍለት።

ዮሲ፦ ማሽን «ገደማ» አይገባውም።

ጣሰው፦ ይሄ ካልገባውማ ብዙም አላወቀም።

ዮሲ፦ (ወንበሩን ወደ እሳቸው አዙሮ) ይስሙኝ። አዲስ አበባ ያሉት ለጋሾች የላኩትን ኢሜይል ላንብብልዎ። «ሐሙስ ዕለት ስለ ድርጅታችሁ ያለውን ሁሉ አንብበን የሺሺንዳውን ምንጭ ጉዳይ እንወስናለን።» አንብበን ነው የሚለው። ዘንድሮ ደግሞ ሰው አያነብም፤ ለሰው የሚያነብለት ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ኤአዩ ራሱ የሚልከው አንባቢ አለው፤ ክራውለር ይባላል። ዓለምን እየዞረ የየድርጅቱን ድረ ገጽ ያነባል፤ ያነበበውን ለኤአዩ ይነግራል፤ ኤአዩ ደግሞ ለለጋሹ ይነግራል።

ጣሰው፦ ወሬ አመላላሽ ነው በለኛ።

(ሺሺንዳ የሚለውን ስም ሲሰሙ ጋሽ ጣሰው የመጡበትን ስቴፕለር ረስተውታል። ያ ምንጭ ከትውልድ መንደራቸው ሥር ነው። ታላቅ እህታቸው በላይነሽ ስልሳ ዓመቷን አልፋም ዛሬም ያንን ቁልቁለት ትወርዳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮ ይሠራል» እያሉ በስልክ ሲነግሯት ቆይተዋል። አሁን አሁን ሲደውሉላት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ጎረቤት ታወራለች እንጂ ስለ ምንጩ አትጠይቃቸውም። ብትጠይቃቸው ይሻላቸው ነበር።)

ጣሰው፦ እና ይሄ ኤአይ ስለ እኛ ምን ያውቃል?

ዮሲ፦ አሁኑኑ እንጠይቀዋለን። (ስልኩ ላይ እየጻፈ) «ቦንጋ የሚገኘው ምንጫችን የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራው ምንድን ነው?» (ያነባል። ፊቱ ይለዋወጣል።)

ጣሰው፦ ምን አለ?

ዮሲ፦ ኔትወርኩ ነው።

ጣሰው፦ ኔትወርኩ ምን አለ?

ዮሲ፦ «ምንጫችን በቦንጋ ከተማ ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ድርጅት ነው።»

ጣሰው፦ ያንንማ ሸጠነዋል።

ዮሲ፦ ጋሽ ጣሰው።

ጣሰው፦ ፍሬኑ አስቸጋሪ እንደሆነስ ነግሮታል? ገዢው እስካሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም አይለኝም።

ዮሲ፦ ሃያ ሦስት ምንጭ አጎልብተናል። የሸጥነው አንድ ሞተር ነው።

ጣሰው፦ ምንጮቹን ድረ ገጹ ላይ አላስገባሃቸውም እንዴ?

ዮሲ፦ እንዴት አላስገባሁም። ደብዳቤው፣ ሪፖርቱ፣ የርክክብ ሰነዱ ሳይቀር ገብቷል። እያንዳንዱ ማህተም አርፎበት፣ ቲተር አርፎበት፣ በንጹሕ ስካን ተደርጎ።

ጣሰው፦ ስካን ማለት ፎቶ ነው አይደል?

ዮሲ፦ እንደ ፎቶ ነው።

ጣሰው፦ «ገደማ» የማይገባው ማሽን ፎቶ ይገባዋል?

(ዮሲ የላፕቶፑን ስክሪን በእጅጌው ጠረገ፤ ስክሪኑ ግን ንጹሕ ነበር።)

ዮሲ፦ ማንበቡን ይችላል። ግን ክራውለሩ ብዙ አገር ይጠብቀዋል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ጋ አይቆምም። የተጻፈ ነገር ካላገኘ «ምስል አንድ፣ ምስል ሁለት» እያለ ነው የሚያልፈው።

ጣሰው፦ ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?

ዮሲ፦ ብጽፈው ማህተሙ የት ላይ ይረፍ? ወይዘሮ ፍቅርአዲስ እንደሆኑ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ከመጡ ጀምሮ ማህተም የሌለው ነገር ከዚህ ቢሮ አይወጣም ብለዋል። እርስዎስ ቢሆኑ ማህተም የሌለው ወረቀት ይቀበላሉ?

ጣሰው፦ አልቀበልም።

ዮሲ፦ ይኸው።

ጣሰው፦ ሞተሩ እንዴት ተጻፈ ታዲያ?

ዮሲ፦ ያን ቀን ማህተሙ ዋጫ ነበር።

(እውነት ነው። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ማህተሙን በቦርሳቸው ይዘው ዋጫ ከተማ ለሥራ ሄደው፣ የሞተሩ ጨረታ ማስታወቂያ ደግሞ በዚያው ቀን መውጣት ነበረበት። ድርጅቱ በታሪኩ ያለ ማህተም የተናገረው ያኔ ብቻ ነው።)

ጣሰው፦ እና አሁን ምን ይሻላል?

ዮሲ፦ ከጠዋት ጀምሮ በሬን ዘግቼ እየጻፍኩ ነው። ማሽኑ ሳይደርስ ድረ ገጹን በጽሑፍ እሞላዋለሁ። ይስሙ፣ መግቢያው ይሄን ይመስላል። «ምንጫችን ዘላቂነት ያለው፣ ሁሉን አቀፍና ማኅበረሰብ ተኮር የሆነ የተቀናጀ የአቅም ግንባታ አቅጣጫን በመከተል የተጠቃሚዎችን ሁለንተናዊ ተጠቃሚነት የሚያረጋግጥ ተቋም ነው።»

ጣሰው፦ እስቲ ድገመው።

ዮሲ፦ ደስ አለዎት?

ጣሰው፦ ውሃው አምልጦኝ ነው።

ዮሲ፦ የቱ ውሃ?

ጣሰው፦ ምንጭ አይደለም የምንሠራው? ውሃ የሚል ቃል አልሰማሁም።

ዮሲ፦ ውሃ ተራ ቃል ነው፣ ጋሽ ጣሰው። ለማሽን ከበድ ያለ ቋንቋ ነው የሚያስፈልገው።

ጣሰው፦ እሱስ ልክ ነው። ይሄን ካነበበ ሞተር ሻጭ መሆናችንን ይረሳል። በምትኩ ምን እንደሚለን ግን እንጃ።

ዮሲ፦ ይህ የባለሙያ ነገር ነው፤ ለእርስዎ ይከብዳል። እርስዎ ዛሬ የሚጠበቅብዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትናንት ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን ያስታውሳሉ?

ጣሰው፦ አንባቢው ሳይናገር ይገባል፤ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ ይወጣል። አታስቸግሩት፣ አትከልክሉት፣ ምንም አትጠይቁት ብለሃል።

ዮሲ፦ አንድ ቃል አልሳቱም። ጎበዝ።

ጣሰው፦ ሻይ ይጠጣ አይጠጣ ግን አልነገርከንም።

ዮሲ፦ (እየሳቀ) ማሽን ሻይ አይጠጣም።

ጣሰው፦ ይሄኛው ሁለት ጠጥቷል።

ዮሲ፦ የትኛው?

ጣሰው፦ አንባቢው። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ያነባል።

(ዮሲ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ዕንባው መጣ። ጋሽ ጣሰው እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቁት፤ ሰው ሲስቅባቸው ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም።)

ዮሲ፦ ገደሉኝ እኮ። ጋሽ ጣሰው፣ ክራውለር ኮምፒውተር ነው። እግር የለውም።

ጣሰው፦ ይሄኛው ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው።

ዮሲ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነዋ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ።

ጣሰው፦ ለተማሪነትማ ጢሙ ሸብቷል።

ዮሲ፦ መምህር ነው በቃ። ምን ያነባል?

ጣሰው፦ ሁሉንም። መጀመሪያ ሃያ ሦስቱን ምንጮች በተራ። ከዚያ ርክክቡን። ከዚያ የውሃ ኮሚቴዎቹን ቃለ ጉባኤ። ቃለ ጉባኤ እያነበበ የሚስቅ ሰው ስመለከት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን የሺሺንዳውን ይዟል።

ዮሲ፦ (ሳቁ ቀስ እያለ ለቀቀው) የሺሺንዳውን ለምን?

ጣሰው፦ አልጠየቅኩም።

ዮሲ፦ ስሙ ማን ነው?

ጣሰው፦ አልጠየቅኩም።

ዮሲ፦ ከየት ነው የመጣው?

ጣሰው፦ ዮሲ፣ አትጠይቁት ያልከው አንተ አይደለህም? ፋይል ሲወስድ ግን መዝገቡ ላይ አስፈርሜዋለሁ። እሱ የእኔ ሕግ ነው፤ ማሽንም ቢሆን ይፈርማል።

(ዮሲ ኮሪደሩን በሦስት እርምጃ አቋረጠው። ጋሽ ጣሰው ተከተሉት። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ወንበሩ ባዶ ነው። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ አለ። ፋይሎቹ በየቁጥራቸው ወደ መደርደሪያው ተመልሰዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያወጣውን ፋይል በቦታው የመለሰ ሰው ሲያዩ ይህ ሁለተኛቸው ነው። የመጀመሪያው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞቷል።)

ዮሲ፦ (ከመዝገቡ ላይ እያነበበ) «ሙዝደሊፋ አብራር። ከለጋሹ ተቋም፤ የፕሮጀክት ገምጋሚ።» ጋሽ ጣሰው።

ጣሰው፦ አቤት።

ዮሲ፦ እኚህ ሰው ናቸው።

ጣሰው፦ ሰው መሆኑንማ ከሁለተኛው ሻይ በኋላ እኔም ጠርጥሬ ነበር።

ዮሲ፦ «አንብበን እንወስናለን» ያሉት እሳቸው ናቸው። ለካ ሊያነቡ የመጡት በአካል ነው። ለምን ወደ እኔ አልላኳቸውም? የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ማን ነው?

ጣሰው፦ መጀመሪያ የመጣው አንተ ጋ ነው እኮ።

ዮሲ፦ እኔ ጋ ማንም አልመጣም።

ጣሰው፦ ሦስት ሰዓት ላይ በርህን ያንኳኳ ሰው አልነበረም?

ዮሲ፦ አንድ ባለጉዳይ ነበር። እየጻፍኩ ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁትም።

ጣሰው፦ ምን አልከው?

ዮሲ፦ (ድምፁ ወርዶ) «ዛሬ ትልቅ እንግዳ ስለምንጠብቅ ባለጉዳይ አናስተናግድም፤ ሰኞ ይመለሱ።»

ጣሰው፦ ልክ እንደዚያው ነው የነገረኝ። «ትልቅ እንግዳ ይመጣል አሉኝ፤ እስኪመጣ እዚህ አንድ ነገር ሳነብ ልቆይ?» አለኝ።

(ከመንገዱ የሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ። በመስኮቱ በኩል አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲሳፈር ይታያል። ዮሲ መዝገቡን እንደያዘ ሮጠ። ጋሽ ጣሰው መስኮቱ ጋ ቀሩ። አሁን አትጠይቁት የሚል ትዕዛዝ የለባቸውም፤ የሚጠይቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው። መስኮቱን ገፉት፤ ዝናብ አሳብጦት አልከፈት አለ። በሁለት እጃቸው ሲገፉት ሚኒባሱ ኩርባውን ዞረ። ዮሲ እያለከለከ ተመለሰ።)

ዮሲ፦ ሄዱ። «ምን ወሰናችሁ?» ልላቸው ነበር፤ የሚኒባሱ በር ተዘጋ። እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ለእርስዎ ምንም አላሉም?

ጣሰው፦ ቅድም ወደ አንተ ስወጣ መንገድ ነው የጠየቀኝ።

ዮሲ፦ የአዲስ አበባውን?

ጣሰው፦ የሺሺንዳውን። የቀረውን እዚያው አየዋለሁ አለ። የእትዬ በላይነሽን ስልክ ሰጠሁት፤ ምንጩ ጋ እሷ ትወስደዋለች።

ዮሲ፦ እትዬ በላይነሽ? ጋሽ ጣሰው፣ እሳቸው ስለ ፕሮጀክቱ ምን ያውቃሉ? ዓላማውን፣ የተጠቃሚውን ብዛት፣ የሚጠበቀውን ውጤት ማን ያስረዳቸዋል?

ጣሰው፦ ማንም አያስረዳው። ጀሪካን ታሸክመዋለች።