መርፌ የሚወጋው ባሕታዊ

«ሰው ሰለቸኝ፤ ጫካ ልግባ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህን የሚል ሰው ይህንኑ የሚናገረው ለሰው ነው። ያውም መሀል ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ፣ ብርጭቆው መጉደሉን ባለቤቲቱ እንድታይለት በዐይኑ እያመለከተ። በእውነት የሰለቸው ግን አይናገርም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው እሱ ነው። ይህን ያወቅሁት በንጉሡ ዘመን ሰቆጣ ላይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ በጓደኛዬ በካሳ ምክንያት ነው።

ካሳ ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ማለት ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምሮ የሚመጣ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ደግሞ ሐኪም ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ካሳ፣ መምህር ታምራትና እኔ ቴምብር እንሰበስብ ነበር። ሰቆጣ ላይ ቴምብር መሰብሰብ ምን ያህል ታላቅ ሥራ እንደሆነ የሚረዳ ሰው ከሦስታችን ሌላ አልነበረም። የደብሩ አገልጋይ መሪጌታ ዝማሙ አንድ ቀን አልበማችንን በጥሞና አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ደብዳቤዎቹ የት እንደሄዱ ጠየቁን። ደብዳቤውን ጥለን ቴምብሩን እንደምናስቀር ስንነግራቸው በጣም አዘኑልን።

ከሦስታችን የካሳ አልበም ይበልጥ ነበር። መድኃኒት ከባሕር ማዶ በየሣጥኑ ሲመጣለት፣ ወፉ፣ መርከቡ፣ አበባው ሁሉ እላዩ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። መምህር ታምራት ለማያውቃቸው የውጭ አገር ሰዎች ደብዳቤ እየጻፈ መልሳቸውን ሳያነብ ቴምብሩን ይልጣል። እኔ ግን ከመሥሪያ ቤት ፖስታ ላይ በእንፋሎት የማላቅቀው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ያው አንድ ፊት ነው፤ ቀለሙ ብቻ ይለዋወጣል። ይህን እንኳ ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ የፍርድ ቤት ሰው ነበርኩ።

አንድ በጋ፣ መንገዱ ለመኪና ይሆናል በሚባልበት ሰሞን፣ የሲኒማ መኪና መጣ። ከዚህ በፊትም መጥቶ ያውቃል። የሚያሳየን ግን ዝንብ ነበር። ዝንብ እንዴት ከቆሻሻ ላይ ተነሥቶ ምግብ ላይ እንደሚያርፍ፤ ዝንቡም የበሬ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ገበያው ሁሉ የፈረንጅ አገር ዝንብ አያድርስ ሲል ከረመ። የዚያን ለት ግን ባለመኪናው ዝንቡን አሳይቶ ሲጨርስ፣ አሁን ደግሞ እኔ ራሴ የምወደውን ላሳያችሁ አለ።

ፊልሙ የታየው በካሳ ክሊኒክ አንሶላ ላይ ነው። ካሳ ሁለት አንሶላ ገጥሞ ሰፍቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ነበር። ስፌቱ እንደ ቁስል ስፌት ጥብቅ ብሎ መሀል ለመሀል ስለሚያልፍ፣ በፊልሙ ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ ሆዱ ላይ የተሰፋ ይመስላል። ባለመኪናው በድምፅ ማጉያ እየተረጎመልን ነበር የምናየው።

ታሪኩ ይኸ ነው። በአንድ ትልቅ ከተማ ሰዓት የሚያድስ ሰው አለ። የሱቁ ግድግዳ በሰዓት ተሞልቷል፤ ሁሉም ይጮሃሉ። አንድ ቀን ሰዓቶቹን አንድ በአንድ አቁሞ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። እየሄደ፣ እየሄደ ጫካ ይገባል። ያን ጊዜ ከተራራው ጉም ወረደ። ጉሙ በመኪናው ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ ነፋሱም አንሶላውን ሲያወዛውዘው፣ ዛፎቹ መተንፈስ ጀመሩ። የማየው ጫካ የፊልሙ ይሁን የሰቆጣ ጉም የሠራው ሳይለይልኝ ቀረ። አጠገቤ የነበረው ሰው ሁሉ ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ ተኝቶ ሕልም የሚያይ ይመስል ነበር። ከዚያ በረዶ መጣ። የእኛ በረዶ ጣራ ደብድቦ፣ እህል አርግፎ የሚሄድ ባለጌ ነው። ያ ግን እንደተነደፈ ጥጥ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ሰውየው ዛፍ ተደግፎ ተቀመጠ፤ በረዶው አለበሰው። በመጨረሻ እኅቱ መጥታ በጫካው ውስጥ ስሙን ትጠራለች። ባለመኪናው እሱ ራሱ አልቅሶ መተርጎሙን ስለተወው ምን እያለች እንደጠራችው እስከ ዛሬ አናውቅም።

በማግሥቱ ከሥራ በኋላ እኔ ቤት ተሰበሰብን። አልበሞቻችንን ዘርግተን ነበር፤ ቴምብር ያየ ግን የለም። መምህር ታምራት ሰውየው ነጻ የወጣ ሰው ነው ብሎ ተነሣ። ሰው ከሰው ተለይቶ ካልሆነ ራሱን አያውቅም፤ ሞቱም ሞት አይባልም አለ። እኔም ደገፍኩት። እንዲያውም እኔ ብሆን በየት በኩል እንደምሄድና ምን ምን እንደምይዝ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ዕቃው አንድ በቅሎ አልበቃው አለ። ባለቤቴ ስንዱ ከጓዳ ሆና፣ መሄዱን ሂድ፣ አልጋ ልብሱን ግን አስቀምጥ አለችኝ።

ካሳ ሳቀ። ያ ሰውዬ ከሞኝ ሁሉ የባሰ ሞኝ ነው አለ። እግሩ ቀዝቅዞ ነው የሞተው፣ ወፍራም ካልሲ ቢያደርግ ኖሮ ፊልሙ ያኔ አያልቅም ነበር እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኛም የሳቅ እንባ ነው ብለን አብረን ሳቅን።

መሪጌታ ዝማሙ ከእኛ ጋር ነበሩ። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ።

«የእኛ ባሕታዊ ሲሄድ ለእግዜር ብሎ ነው የሚሄድ። ይኸ ሰውዬ ለማን ብሎ ሄደ?»

ካሳ መሳቁን ትቶ መዳፎቹን ያይ ነበር።

ሳምንትም ሳይሞላ አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ደፉ ላይ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። የካሳ አልበም ነው። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አልበሙን አውጥቶ ሲሰጥ ምን ማለት እንደሆነ ቴምብር ለማይሰበስብ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ኑዛዜ ነው በሉት። ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ተቆልፏል። በመስኮት ባይ የመድኃኒት ቦርሳው የለም፤ እሱም የለም። በሩ ላይ በሽተኞች ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ሄዷል ብላቸው ይመጣል አሉኝ፤ እስኪመሽ ጠበቁት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰሞን ማስታወስ አልወድም። ወደ ኮረም የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ ተጠየቀ፤ ያየው የለም። አምደወርቅ ያሉ ዘመዶቹ ዘንድ ሰው ተላከ፤ አልመጣም ተባለ። መምህር ታምራት ስለ ነጻነት ማውራቱን ተወ። እኔም በየት በኩል እንደምሄድ አልተናገርኩም። ስንዱ አልጋ ልብሱን ሳልጠይቃት በላዬ ላይ ደረበችልኝ። ሌሊት ሌሊት በሕልሜ ጥጥ ይወርድብኛል፤ ስም እጠራለሁ፤ ድምፄ አይወጣም።

በገበያ ቀን ከሰቆጣ በታች ካለው ቆላ፣ ከዝቋላ፣ አንድ ሰው ፍየል ይዞ መጣ። አንድ ዐይኑ በፋሻ ታስሯል። ፋሻው ንጹሕ ነው። ቋጠሮው ጆሮው ሥር ሄዶ እንደ ቢራቢሮ ክንፉን ዘርግቷል። እንዲያ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። ማን አሰረልህ ብዬ ጠየቅሁት።

«እኛ ዘንድ አንድ ባሕታዊ መጥተዋል» አለኝ።

«ይጸልያሉ?»

«እንጃ፣ ሲጸልዩስ አላየሁም» አለና ትንሽ አሰበ። «መርፌ ግን ይወጋሉ።»

መሪጌታ በቅሏቸውን አዋሱን። መምህርና እኔ በማለዳ ተነሥተን ቁልቁል ወደ ዝቋላ ወረድን። መንገዱ ደጋውን እየጣለ፣ እየጣለ ይሄዳል። መጀመሪያ ጉሙ ከእግራችን በታች ነበር፤ ቀጥሎ ውስጡ ገባን፤ ቀጥሎ ከራሳችን በላይ ቀረ። ሙቀቱ ሲመጣ ተራሮቹ በሩቁ ውሃ ላይ የተንሳፈፉ መሰሉ። የታጨደ የማሽላ አገዳ ነፋስ ሲነካው የሰው ሹክሹክታ ይመስላል። መምህር መንገዱን ሙሉ ለካሳ የሚናገረውን ያጠና ነበር። በመጀመሪያ ስለ ወዳጅነት፣ ቀጥሎ ስለ ኃላፊነት፣ በመጨረሻም ስለ አገር ይናገራል። አገር የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ይቆጣን ይሆን፣ ፊቱን ያዞርብን ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። አልበሙን ብብቴ ሥር ይዣለሁ።

ወንዝ ዳር ካለ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ደረስን። ምድረ በዳ ነው ብለን ያሰብነው ቦታ የገበያ ቀን ሰቆጣን መስሏል። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃን ያዘለው፣ ፍየሉ ሁሉ በጥላው ዙሪያ ተኮልኩሏል። በአማርኛም በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛም ያወራል። መሀል ላይ ጢሙን ያሳደገ ሰው አጎንብሶ የአንዲት አሮጊት እግር ያጥባል። የበቅሎዋን ኮቴ ሰማ። ቀና እንኳ ሳይል ተናገረ።

«ተራችሁን ጠብቁ።»

ምን እናድርግ? ጠበቅን። መምህር ከአንድ ጉሮሮው ካበጠ ሰውና ከአንዲት ተራ ጠባቂ ፍየል መካከል ተቀመጠ። ፍየሏ የንግግሩን ማስታወሻ ወረቀት ከኪሱ ስባ በላችበት። ፀሐይ ዘወር ስትል ተራችን ደረሰ። ካሳ ቀና ብሎ አየን። ከዚያ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገና፣

«ጥጥ ይዛችኋል? አልኮልስ?» አለ።

የያዝነው ቴምብር ብቻ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ሾላው ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገረን። ከፊልሙ በፊት በነበረው ሰሞን አንዲት ወላድ በቃሬዛ ከሩቅ አምጥተውለት ነበር። መንገድ ላይ ውላ አድራለች። እሱ የሚያውቀው የሚረዳት አልሆነም፤ እጁ ላይ ሞተች።

«ባሏ እጄን ሳመኝ» አለ። «ደክመሃል ሐኪም፣ እግዜር ይስጥህ አለኝ። ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይወድቃል። የሰለቸኝ ሰው አይደለም። የሰለቸኝ ያ ማንኳኳት ነው።»

መምህር ለምን አልነገርከንም አለው። ካሳም ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት፣ እናንተ ስለ ነጻነት ትከራከሩ ነበር አለ። ይህን ሲል አልተቆጣም። እኛ ግን መሬት መሬቱን አየን።

በር የሌለበት ቦታ ልሂድ ብሎ ነው የወጣው። በር ከሌለ ማን ያንኳኳል? በመጀመሪያው ቀን ሾላው ሥር ተኛ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተወለደ ጀምሮ አልተኛም። ወንዙ በሕልሙ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ ወፎቹም አልበሙ ውስጥ እንዳሉት ወፎች ዝም ያሉ ነበሩ። ሲነቃ እግሯ የተሰበረ ፍየል አጠገቡ ታቃስታለች። ማንም አያይም ብሎ አሰረላት። ፍየሏ እያነከሰች ወደ ቤቷ ገባች። በማግሥቱ የፍየሏ ባለቤት ከነእናቱ መጣ፤ እናቱ ዐይኗን ያማት ነበር። በሦስተኛው ቀን አገሩ ሁሉ መጣ።

«ፍየል አሳበቀችብኝ» አለ ካሳ፤ አሁን በእውነት ሳቀ። «ደግሞ እኮ እዚህ የሚያንኳኩት ነገር የለም። ቀጥ ብለው ራስጌዬ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

እንግዲህ ለምነን መለስነው ብል ደስ ባለኝ ነበር። ውሸት ይሆናል። የመለሰው የመድኃኒቱ ማለቅ ነው። አንዲት ሕፃን ትኩሳት ይዟት ኖሮ፣ ለሷ የሚሆነው ነገር ክሊኒኩ ውስጥ ተቆልፎበት ቀርቷል። ካሳ በቅሏችንን ተቀምጦ እየጋለበ ወጣ፤ እኛ ሁለታችን በእግራችን ተከተልነው። መድኃኒቱን ይዞ ደግሞ ተመልሶ ወረደ። ሕፃኗ ከዳነች በኋላ ነው የመጣው። የዝቋላ ሰዎች እስከ ዳገቱ ግማሽ ሸኙት፤ ልንቀበለው የወረድነውን እኛን ግን ባሕታዊያችንን ወሰዳችሁብን ብለው በክፉ ዐይን አዩን።

ሰቆጣ ሲገባ መሪጌታ ዝማሙ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። እሳቸው በዚህ ነገር ብዙ አስበውበታል። ሰንበት ለበሬ እንኳ ዕረፍት ነው፣ ለሐኪም ግን ማን ሰጠው አሉ። ስለዚህ ነፍሱ ልትወጣ ካልሆነ በስተቀር እሁድ እሁድ የካሳን በር የሚያንኳኳ ሰው እንደ ባለጌ እንዲቆጠር ተወሰነ፤ በቤተ ክርስቲያንም ተነገረ። ካሳ ሲሰማ ዐይኑ እንባ ሞላ። ማንም ሰው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ስጦታ ሰጥቶት እንደማያውቅ ነገረኝ።

የመጀመሪያው እሁድ ደረሰ። ከተማው ጸጥ አለ። እናቶች ልጆቻቸው እንዳይወድቁ ይዘው ዋሉ። የሚያስለው በነጠላው ታፍኖ አሳለ። ጉሙ በካሳ ጣራ ላይ ወርዶ ቤቱን ደበቀው፤ እንኳን ሰው ውሻ በዚያ አላለፈም። ወዳጄ ተኝቷል፣ ወንዙ በሕልሙ ውስጥ እያለፈ ነው እያልኩ ደስ ብሎኝ ተቀምጬ ቴምብር ስለጥፍ በሬ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ካሳ ነው። ጢሙን ተላጭቷል፤ ቦርሳውን ይዟል።

«ደኅና ናችሁ?» አለኝ።

ደኅና ነን አልኩት።

«ስንዱስ? ያ ራስ ምታቷ?»

ተሽሏታል አልኩት። አላመነኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ጓዳ አየ። ስንዱ ደኅንነቷን ከውስጥ ሆና በራሷ አፍ አረጋገጠችለት። ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ይኸ አገር ሰው አይታመምበትም እንዴ?» አለና ቅር ብሎት ሄዶ የጎረቤቴን በር ያንኳኳ ጀመር።