ጋሽ ደምሴን ማን ይቃወም?

የኦንላይን ትምህርት ያልሞከራችሁ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሞከራችሁ ደግሞ የምለውን ታውቁታላችሁ። የሰዓቱ ሩብ «ይሰማል?» በመባባል ያልቃል፤ ሌላው ሩብ በሰላምታ። እኛ ሰዎች መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሥራ ሳንጠያየቅ ወደ ጉዳያችን አንገባም፤ ስክሪን ላይም ያው ነን። አንዱ ገብቶ ሁሉንም በየስሙ ሰላም ብሎ ሲጨርስ ሌላው ይገባል፤ እንደገና ይጀመራል። ደክሞኛል። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ መኝታ ቤቴ ጥግ ላይ፣ ከወገብ በላይ ሸሚዝ ከወገብ በታች ቱታ ለብሼ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የደከመኝን ያህል፣ የጠመኔ ብናኝ ስውጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ደክሞኝ አያውቅም።

ይኼ አልበቃ ብሎ ደንብ ጻፍ ተባልኩ። ተማሪዎች በኦንላይን ውይይት ላይ ሊያሳዩት የሚገባ ሥነ ምግባር። ጻፍኩ። ጽሑፋችሁን በሰላምታ ጀምሩ፣ በአንቀጽ ክፈሉ፣ በምስጋና ጨርሱ፣ ተራ ጠብቁ፣ ማይካችሁን ዝጉ፣ ከርዕስ አትውጡ፣ የጓደኛችሁን ሐሳብ አንብባችሁ መልስ ስጡ፣ ካልተስማማችሁም በአክብሮት ተቃወሙ። ነጥብም የሚያዘው በዚሁ ደንብ ነው። ማይክ ዝጉ ያልኩትን ማንም አልሰማ፤ የአንዱ ቤት ሕፃን ሲያለቅስ፣ የሌላው ጎረቤት ብረት ሲቆርጥ እየሰማን ነው የምንማረው። ከመጨረሻው ደንብ ደግሞ «በአክብሮት» የምትለዋን ብቻ ያዙልኝ። «ተቃወሙ» የምትለዋ የት እንደገባች እንጃ።

ጋሽ ደምሴ የቅዳሜው ክፍላችን ታላቅ ናቸው። አብነት ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፣ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ልጆቻቸውን አስተምረው ሲጨርሱ «አሁን ተራው የኔ ነው» ብለው ንግድ ሥራ አመራር ሊማሩ ተመዘገቡ። ሰኞ ዕለት በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ «የሥራ ዕቅዳችሁን ጽፋችሁ ተወያዩበት» ስል፣ ሌላው ከኢንተርኔት የገለበጠውን ሲለጥፍ እሳቸው የእውነታቸውን ጻፉ። የአብነቱን ቤት ለቀው ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንጻ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ሊከራዩ ነው። «የተከበራችሁ የክፍል ጓደኞቼ፣ ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምኩትን የማፈስበት ስለሆነ ሳትሳሱ አርሙኝ» ብለው ጨረሱ።

ማን ሊያርም?

«ጋሽዬ፣ እጅግ ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ዕድሜ ይስጥልን።» «እኔም ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ዕድሜና ጤና።» እንዲህ እየተባለ እስከ ታች ወረደ። በግል ለኔ የሚላከው ግን ሌላ ነበር። «መምህር፣ ሰውየው ጉድ ሊሆኑ ነው።» «መምህር፣ ዚፕ የተበላሸበት ሰው ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል እንዴ? ይንገሯቸው እንጂ!» ግሩፑ ላይ ጻፉት ስላቸው «ኧረ መምህር፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው!» ይሉኛል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ክብር ማለት ሰው ገደል ሲገባ መንገድ መልቀቅ ከሆነ እኛን የሚያህል ጨዋ የለም። ቅዳሜ ሁላችንም ስንገናኝ ይነሳል ብዬ አቆየሁት።

ቅዳሜ አነሳሁት። «የጋሽ ደምሴን ዕቅድ የሚቃወም አለ?» «ይሰማል?» የሚል እንኳ ጠፋ። በመጨረሻ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ሃያት፣ የክፍሉ ትንሿ፣ ማይኳን ከፈተች።

«ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አያዋጣዎትም። ሰው ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው ጥርሱን ሲያመው ነው። ደንበኞችዎ አብነት ናቸው፤ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እግረ መንገዳቸውን ነው ሱሪያቸውን የሚጥሉልዎት። እባክዎ አይፈርሙ።»

ወዲያው የጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ ውርጅብኙ ወረደባት። «ትንሽ ሥነ ምግባር ቢኖርሽ!» «ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» እነዚያው፣ በግል ለኔ ያንኑ የጻፉልኝ ሰዎች ናቸው እኮ! ተናደድኩ እንዳልላችሁ ለመናደድም አቅም ያስፈልጋል።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተባረኪ ልጄ። ግን እኮ ሐሙስ ፈረምኩ። ሁሉም ሲስማማ ጊዜ ምን እጠብቃለሁ? የአብነቱንም ቤት አስረከብኩ፤ ዕቃዬን ማውጣት ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሰዉ አንድ በአንድ ከስክሪኑ ላይ እየጠፋ ሄደ፤ ያ ሁሉ የሰላምታ ሰው ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል። ሃያት ይቅርታ ጠይቃ ወጣች፤ ለምን ይቅርታ እንደምትጠይቅ አልገባኝም። እኔና ጋሽ ደምሴ ብቻችንን ቀረን። ከኋላቸው መደርደሪያው ባዶ ነው፤ የስፌት መኪናቸው በገመድ ታስሯል።

«መምህር» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ እንዲገባቸው ፈልገው ነው። «ዕቅዱ የማያዋጣ ከነበረ ሙሉ ነጥብ ምነው ሰጡኝ?»

ሰጥቻለሁ። ሰላምታው፣ የአንቀጹ አከፋፈል፣ ምስጋናው፤ ደንቤ ከሚጠይቀው አንድም የጎደለው ነገር አልነበረም።