ጋሽ ፍሬን ከውሃ ሲወጡ

ለመዝናናት በወጣ ሰው ሁሉ አጠገብ፣ እንዳይዝናና የሚጠብቀው አንድ አስተማሪ አይጠፋም። የእኛው ጋሽ ፍሬን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ የሚቆጡት ሰው ፍለጋ ወንዝ ወረዱ። እዚያ ደግሞ እኔን አገኙ።

ዓሣ የምናጠምደው ከላባና ከክር በተሠራች የውሸት ዝንብ ነው። ዝንቧን ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ነው ጥበቡ ሁሉ። እኔ ስወረውራት ወይ ዛፍ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ወይ የራሴን ኮፍያ ትይዛለች። ያኔ ክቡር መምህሬ፣ አጠገቤ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ እንደቆሙ፣ «ያዝ! ያዝ!» እያሉ በቀኝ እግራቸው የወንዙን ወለል ይረግጣሉ፤ ልክ ተማሪ ሲሳሳት ከጎን ሆነው ፍሬን እንደሚይዙት። ሦስተኛው ወዳጃችን ፋርማሲስቱ ሣር ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። የእረፍት ቀናችን ይኸው ነው እንግዲህ። ዘንጌን ሰብሬ ወደ ቤቴ ልሄድ የቃጣኝ ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ወር ዝንቤ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ እንደ ልማዳቸው ፍሬን ያዙ። ድንጋዩ አንሸራተታቸውና ውሃው ይዟቸው ሊሄድ ነበር። ፋርማሲስቱ ከእንቅልፉ በርግጎ ደረሰልኝ፤ በኮታቸው ጎትተን አወጣናቸው። ማታውን ልጃቸው ደወለችልኝ። «እኔን አይሰሙኝም፣ ሁለተኛ ውሃ እንዳይገቡ አንተ ንገርልኝ» ብላ አለቀሰች።

ቅዳሜ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ካረፈድኩ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዳር ቢቀመጡስ?» አልኳቸው።

«ልጄ ናት?»

አዎ አልኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ክራቸውን ጠቅልለው ወጡና ፋርማሲስቱ አጠገብ ተቀመጡ።

ብቻዬን ገባሁ። ሆን ብዬ አበላሽቼ ወረወርኩ። ዝንቧ ዛፍ ላይ ተሰቀለች። ዞር ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀኝ እግራቸው ንቅንቅ አላለም። አስለቅቄ ደገምኩ፤ ኮፍያዬን ያዘችው። አሁንም «ያዝ!» የሚል የለም። ስንት ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ ይኸው መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም» አሉ ወደ ውሃው እያዩ፤ «ጥሩ ነው።»

ከአፋቸው «ጥሩ ነው» ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከውሃው ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።