በደሜ ውስጥ ስላለው ክር የተደረገ ስብሰባ

እኔ የስብሰባው ጸሐፊ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር አስገባለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ይህ በቅድሚያ ይመዝገብልኝ አልኩ፤ መዝጋቢውም እኔው ስለሆንኩ ተመዝግቧል።

ቀን፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ።
ቦታ፦ የራሴ ሳሎን፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ።
የተገኙ፦ ሰብሳቢ ልጄ (የባዮሎጂ መምህርት)፣ ታላቅ እህቴ፣ ጎረቤታችን ሾፌሩ፣ ጸሐፊ እኔ።
ያልተገኙ፦ ባለቤቴ፣ በሞት ምክንያት። ምልዓተ ጉባኤው ያለ እሷም ሞልቷል ተባለ፤ ጸሐፊው አልተስማማም።

አጀንዳ 1፦ ሐኪሙ ለጸሐፊው የደም ሕመም ስላዘዘው ኪኒን።

ሰብሳቢዋ እንዳስረዳችው፣ በሴል ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር በፕሮቲን ላይ ተጠምጥሞ ይኖራል። ጥቅሉ ክሮማቲን ይባላል። በጠበቀበት ቦታ ያለው ዘረመል አይነበብም፤ በላላበት ይነበባል። በጸሐፊው ደም ሴሎቹን «በቃ፣ አትብዙ» የሚለው ዘረመል ተጠቅልሎ ዝም ብሏል፤ ኪኒኑ ያላላዋል።

ሾፌሩ «ታዲያ ሁሉም ይላላ!» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢዋ፣ ሁሉም ከተነበበ የጉበቱ ሴል የዓይንን ሥራ ልሥራ ይላል ብላ ተቃወመች። እህቴ «የግትርነቱ ዘረመል ግን ይጥበቅ፤ እሱ ሲነበብ ነው የኖረው» አለች። የእህቴ ሐሳብ ድምፅ ተሰጥቶበት ሦስት ለአንድ አለፈ።

ሰብሳቢዋ ሴሉ ሲባዛ ክሩ ተፈትቶ እንደሚቀዳ ጨመረች። ጸሐፊው፣ ታዲያ ማን መልሶ ይጠመጥመዋል ሲል ጠየቀ። ሰብሳቢዋም አሮጌዎቹ ፕሮቲኖች ለሁለቱ ቅጂዎች እንደሚከፋፈሉ፣ አዲሱም ጥቅል በእነሱ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ እንደሚጠመጠም ገለጸች። «ስህተቱም አብሮ ይወረሳል፣ አባዬ። ለዚህ ነው ኪኒኑ የማይቋረጠው።»

ከረጅም ውይይት በኋላ እንዲዋጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ጸሐፊው ልጁ ቤት ስለ መግባቱ።

ኪኒኑ ራስ ያዞራል ስለተባለ ጸሐፊው ልጁ ቤት እንዲገባ፣ የራሱ ቤት እንዲቆለፍ፣ የስፌት መኪናውም እንዲሸጥ ተወሰነ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እህቴ «ምን ሆንክ አንተ? ጻፍ እንጂ!» አለች። ጸሐፊው «ቤቴን ከምትቆልፉ እኔን ቅበሩኝ! ኪኒኑንም አልውጥም!» አለ። ሰብሳቢዋ ሰብሳቢነቷን ትታ አለቀሰች። «እማዬን ቀበርኩ፤ አንተን ደግሞ ገና አልጠገብኩህም» አለች። ሾፌሩ ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠየቀ። ጸሐፊው አላወጣም።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ጸሐፊው ብቻውን፣ በሙሉ ድምፅ፣ ከላይ የተወሰነውን ሁሉ ሽሯል። ኪኒኑን የምውጠው እዚሁ ቤቴ፣ ወድጄ ነው። ልጄ ጠዋት ጠዋት መጥታ ትየኝ፤ ቁልፍ ይሰጣታል። የግትርነቱ ጉዳይ ባለበት ይቀጥላል። ዕዳዬንም ራሴ እከፍላለሁ፦ ለሾፌሩ ጀምሬ የተውኩትን ሱሪ፣ ለእህቴ በሐዘኑ ዓመት ላበሰለችልኝ ሁሉ ያላልኩትን እግዜር ይስጥልኝ፣ ለልጄ የዛሬውን እንባ። የእሷ ዕዳ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ኪኒን ተውጧል።