ሳህን ገልባጩ ኔቪል

ክሪስፒን፦ ሻይ ነበረበት እኮ።

ኔቪል፦ ትንሽ ናት የቀረችው።

ክሪስፒን፦ ያቺ ትንሽ አሁን ሱሪዬ ላይ ናት። ሰው እየጠጣበት ያለውን ስኒ አንስቶ የሚገለብጥ ፍጡር በዕድሜዬ አላየሁም።

ኔቪል፦ ስታስቀምጠው ነው ያነሳሁት። ቂጡን ብቻ ልይ ብዬ ነው። ደግሞ ረብ ያለው ስኒ አይደለም፤ የፋብሪካው ማኅተም ራሱ ተንጋዶ ነው የተመታው።

ክሪስፒን፦ ስኒ የሚታየው ከላይ ነው፣ ኔቪል። ሰው የሆነ ሁሉ ከላይ ነው የሚያየው።

ኔቪል፦ ስቶክ ውስጥ አይደለም።

[ሁለቱ በእንግሊዝ አገር፣ በሳህን ፋብሪካዎቿ በታወቀችው ስቶክ ከተማ ባለች አንዲት ጋለሪ የአዳራሽ ጠባቂዎች ናቸው። ክሪስፒን አለቃ ነው። ከብራይተን መጥቶ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ ስለ ጥበብ የማላውቀው ነገር የለም ባይ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው። ኔቪል ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳህን ፋብሪካ ሠርቶ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ የከረመ ሰው ነው። ይህን ሥራ ያገኘ ቀን የተደሰተውን ያህል በሠርጉ ቀን እንኳ አልተደሰተም፤ ይህን ለሚስቱ አልነገራትም እንጂ። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜው ዛሬ ያልቃል። በክሪስፒን መዝገብ ላይ ሁለት ጥፋት ተጽፎበታል፤ ሦስተኛ ከተጨመረ ደህና ሰንብት ነው። መዝገቡን የያዘው እንግዲህ ይኸው ሱሪው የራሰበት ሰውዬ ነው።]

ክሪስፒን፦ ይሄ ሦስተኛው መሆን ይችል ነበር።

ኔቪል፦ ስኒው የጋለሪው ዕቃ አይደለም። መዝገቡ የሚለው የጋለሪውን ዕቃ የነካ ነው፤ አንተው ነህ ያነበብክልኝ።

ክሪስፒን፦ [ሱሪውን በመሐረብ እያበሰ] እሱ ነው ያዳነህ። ና፣ ወደ አዳራሹ እንሂድ። ሠዓሊዋ ከምሳ በፊት ትመጣለች። ሥራዋን የማስረዳው እኔ ነኝ።

ኔቪል፦ ለማን?

ክሪስፒን፦ ለእሷ ነዋ።

ኔቪል፦ ሥራው የእሷ አይደለም እንዴ?

ክሪስፒን፦ ሠዓሊ ይሠራል እንጂ ምን እንደሠራ አያውቅም። ለማወቁ እኛ አለን።

ኔቪል፦ እኔም?

ክሪስፒን፦ አንተን አይጨምርም።

[አዳራሹ መሐል ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ስድስት ወንበር፣ ስድስት ነጭ ሳህን፤ ሌላ ምንም። ግድግዳው ላይ «ገበታ» ተብሎ ተጽፏል። ጠረጴዛው ዙሪያውን በቀይ ገመድ ታጥሯል፤ ገመዱ ላይም «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሏል። ኔቪል እነዚህን ሳህኖች አምስት ሳምንት ሙሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲጠብቅ ኖሯል። ለዚያ ከተማ ልጅ ይሄ ቀላል ፈተና አይደለም። እዚያ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ ሳህን ሲሰጡት መጀመሪያ ገልብጦ የማን ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ ያያል፤ ነፍስ ይማር የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።]

ክሪስፒን፦ እስቲ ተመልከት። ምን ይታይሃል?

ኔቪል፦ ስድስት ሳህን።

ክሪስፒን፦ ሌላስ?

ኔቪል፦ [በጣቱ ቆጥሮ] ስድስት ነው።

ክሪስፒን፦ ባዶነት ነው የሚታየው፣ ኔቪል። ምንም አልሳለችባቸውም። ለምን አልሳለችም?

ኔቪል፦ ቀለም አልቆባት።

ክሪስፒን፦ ዝምታን ለማሳየት። ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ ከተማዋ ዝም አለች፤ ሳህኖቹም ዝም አሉ።

ኔቪል፦ ከተማዋ መቼ ነው ዝም ያለችው? ቅዳሜ ኳስ ሲኖር ወጥተህ አታውቅም?

ክሪስፒን፦ በምሳሌ ነው የምናገረው።

ኔቪል፦ እሺ። ምግቡስ?

ክሪስፒን፦ የለም። ቁም ነገሩ እሱ ነው። እንግዶቹ ተጠሩ፣ ወንበር ተሰጣቸው፣ የሚበላ ግን የለም።

ኔቪል፦ ይሄማ ነውር ነው። የሠዓሊዋ ቤተሰቦች፣ ማቺኖች፣ እንደዚያ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። የልጅቷ እናት እኛ ፋብሪካ ሳህን ላይ አበባ ትስል ነበር፤ ቤቷ የሄደ ሰው ኬክ ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም።

ክሪስፒን፦ ስለ ኬክ አይደለም የምናወራው።

ኔቪል፦ አንተ ነህ ምግብ የለም ያልከው።

[ክሪስፒን ተስፋ አልቆረጠም። ባለፈው ሳምንት ለመጡ አስተማሪዎች ስለዚህ ዝምታ አርባ ደቂቃ እንደተናገረ፣ አንዲት ሴትዮም ልቧ ተነክቶ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ተረከለት። ኔቪል ሴትዮዋን ደግፎ ያነሳት እሱ እንደነበረና ጫማዋ ጠቧት እንደተቀመጠች ሊነግረው አሰበና ተወው። የሙከራ ጊዜው የሚያልቀው ዛሬ ነው፤ አንዳንዴ ዝም ማለት ደግ ነው።]

ኔቪል፦ አንድ ነገር ልናገር?

ክሪስፒን፦ አጭር ከሆነ።

ኔቪል፦ ያቺ የመጨረሻዋ ሳህን አቀማመጧ ልክ አይደለም። በአንድ ጎን ከፍ ብላለች። ከሥሯ የሆነ ነገር ተቀብቶባታል።

ክሪስፒን፦ ከሥሯ ጨርቅ ነው ያለው።

ኔቪል፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳህን ስደረድር ነው የኖርኩት። እጄ ባይነካት ዓይኔ ያውቃል።

ክሪስፒን፦ የሳህን ጀርባ ጥበብ የለውም። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም፤ ቢኖር አነበው ነበር። እኔ ሱሪዬን ልቀይር። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ እጅህን ወደ ኋላ።

[ወጣ። ኔቪል እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። አንድ ደቂቃ ቻለ። በሁለተኛው ደቂቃ ስለ ሚስቱ አሰበ፤ ደሞዙንም፣ ያን ሁለት ዓመት ያየውን ግድግዳም አሰበ። በሦስተኛው ደቂቃ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ገመዱን ተሻግሮ፣ ሳህኗን በሁለት እጁ ልክ እንደ ሕፃን አንስቶ ገለበጣት። ምን ያድርግ፣ አልቻለም። ያኔውኑ ክሪስፒን በሌላ ሱሪ በሩ ላይ ቆሟል።]

ክሪስፒን፦ አትንቀሳቀስ።

ኔቪል፦ ክሪስፒን፣ እዚህ ሰው አለ።

ክሪስፒን፦ [መዝገቡን ገልጦ] አራት ሰዓት ከአርባ። ጠባቂ ኔቪል ገመዱን አልፎ፦

ኔቪል፦ የሠዓሊዋ እናት ተስላለች እኮ። ብሩሹን በጥርሷ ነክሳ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። ፀጉሯ ላይ ያለው አቧራ እንኳ አልቀረም። ና እይ።

ክሪስፒን፦ እየጻፍኩ ነው፣ አላይም። ስድስተኛውን ሳህን በሁለት እጁ አንስቶ፦

ኔቪል፦ ከዚህኛዋ ሥር ማን ይኖር ይሆን? [አምስተኛዋን ገልብጦ] ውይ፣ የፋብሪካችን ጋሼ ዊልፍ። ሻይ ሰዓት ላይ እንደተኛ።

ክሪስፒን፦ አምስተኛውንም። ዝግ በል እንጂ፣ ልጻፍበት።

[የኔቪል ፍርሃት ሁሉ ጠፋ። ሳህን ባነሳ ቁጥር አንድ የሥራ ጓደኛው ይወጣል፤ እየሳቀ ዓይኑን በክንዱ ያብሳል። ክሪስፒን ቀና ሳይል ይጽፋል። እጁ ፈጣን ነው፣ ጽሕፈቱም ያምራል። አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ጊሊያን ማቺን የተባለችው ሠዓሊ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገብታ መሐላቸው ቆመች።]

ጊሊያን፦ ገለበጧቸው?

ክሪስፒን፦ እጅግ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ወይዘሮ ማቺን። ሁሉንም በሰዓቱ መዝግቤዋለሁ። ሰውየው ዛሬውኑ ይሰናበታል።

ጊሊያን፦ ይሄን ገመድ ያደረገው ማነው?

ክሪስፒን፦ [ደረቱን ነፍቶ] እኔ ነኝ፣ ማንም ሳያዘኝ። ጽሑፉም የእጄ ነው።

ጊሊያን፦ ስድስት ወንበር ያስቀመጥኩት እኮ ሰው ተቀምጦ እንዲገለብጣቸው ነው። ለጋለሪው ዳይሬክተር ብቻ ነው የነገርኩት፤ ለማንም እንዳትናገር፣ ይሄ ስቶክ ነው፣ ሳይነገራቸው ይገለብጣሉ አልኩት። እሱ ደግሞ በማግስቱ እግሩን ሰብሮ ተኛ። አምስት ሳምንት አንድ ሰው እንኳ ገለበጠ ብሎ የሚደውልልኝ ጠፋ። ከተማዬ ራሷን ረሳች ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ክሪስፒን፦ ማንም አልነካቸውም፤ ያን ላረጋግጥልዎ እችላለሁ። ሰባ ሦስት ሰው እጁን ሲዘረጋ ይዣለሁ። ሁሉም እዚህ አሉ፣ ከነቀናቸው።

ጊሊያን፦ ሰባ ሦስት?

ክሪስፒን፦ ከነአሮጊቶቹ። አሮጊቶቹ በጣም አስቸግረውኛል።

[ጊሊያን መዝገቡን ከእጁ ወስዳ ቆማ ማንበብ ጀመረች። ገጽ በገለጠች ቁጥር ፊቷ ይፈካል። እንዳንተ ያስደሰተኝ ሰው የለም ብላ ክሪስፒንን ጉንጩን ሳመችው፤ እሱ ለምን እንደተሳመ አልገባውም። ከዚያ እዚያው ቆማ ለዳይሬክተሩ ደወለች። ሰውየው አልጋው ላይ ሆኖ ሲስቅ አዳራሹ ድረስ ተሰማ።]

ኔቪል፦ [ሳህኗን እንደያዘ] የኔ ልጅ፣ ሥራዬስ? እሱን ጠይቂልኝ።

ጊሊያን፦ ጠየቅኩት። ቋሚ ሆነዋል። ከዛሬ ጀምሮ ወንበር ስበው ሰው የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ ኔቪል። እነማን እንደሆኑም ይነግሯቸዋል፤ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቃቸው የለም።

[ኔቪል መጀመሪያ ለራሱ አንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክሪስፒን ገመዱን ፈቶ እየጠቀለለ መጣና፣ ማንም ሳይጠራው የእናትየዋን ሳህን አነሳ። ገለበጣት። ብዙ ቆየ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ።]

ኔቪል፦ አይዞህ፣ አለቃ። ሳታያቸው አርባ ደቂቃ አስረድተሃል፤ አሁን አይተሃቸው ዝም ብትል ማንም አይቀየምህም።