ፕሮፌሰሩና የተኛው ዘጠና በመቶ

ሰው በተሰበሰበበት የሥራ ቦታ ሁሉ ስለ አንጎል ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የት እንደተማረው አይጠየቅም። ቢጠየቅም "ተመራማሪዎች ደርሰውበታል" ይላል፤ ተመራማሪዎቹ ቤቱ መጥተው፣ እራት በልተው፣ ነግረውት የሄዱ ይመስል።

በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ልብስ ተኳሹ ነበሩ። ስማቸው ከተረሳ ቆይቷል፤ ሁሉም ፕሮፌሰር ነው የሚላቸው። ክቡርነታቸው በአንድ እጃቸው ካውያ ይዘው በሌላው ጭንቅላታቸውን እየጠቆሙ፣ "የሰው ልጅ ከአንጎሉ የሚሠራበት አሥር በመቶውን ብቻ ነው። ዘጠናው ተኝቷል" ይላሉ። ቁልፍ የምትተክለውን ሴትዮ "አንቺ የቀኝ አንጎል ሰው ነሽ" ብለዋት ሳምንቱን ሙሉ በኩራት ስትንጎማለል ሰነበተች። ክር የጠፋበትን አንዱን ልብስ ሰፊ ደግሞ "መርሳት የብልህነት ምልክት ነው" ብለው አጽናኑት፤ እሱም ከዚያ ወዲህ የደንበኞችን ቀጠሮ ሳይቀር በብልህነት መርሳት ጀመረ።

ይህን ሁሉ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሆኖ ጥርሱን ነክሶ የሚሰማው ቆራጩ ነው። ሃያ ዓመት ጨርቅ ሲቆርጥ አንድ ቀን ስለ ጭንቅላት አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም፤ የጠየቀውም የለም። ቢሆንም ሌላውን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው የሴት ልጁን ነገር ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ስፌት ቤቱ ትመጣና ደብተሯን ዘርግታ የምትቀመጠው ካውያው አጠገብ ነው። ድሮ የምትቀመጠው አባቷ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነበር። ሒሳብ የወደቀች ቀን ግን "ምን ጎድሎብሽ ነው?" ብሎ በሰው ፊት ጮኸባት፤ ከዚያ በኋላ ደብተሯን አሳይታው አታውቅም። ፕሮፌሰሩ በበኩላቸው የዚያኑ ቀን፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ የአሥሩ በመቶ ውጤት ነው። ዘጠናው ገና መች ተፈተነ?" አሏት፤ እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። ቆራጩን ያንገበገበው ያ ሳቅ ነው። ቀና፤ ሌላ ስም የለውም። የወለዳት እሱ፣ የልቧን የምታዋየው ካውያ የያዘ ሰው።

ፕሮፌሰሩ "በግራ እጅ መሥራት የተኛውን አንጎል ይቀሰቅሳል" ባሉ ማግስት ልጅቷ በግራ እጇ መጻፍ ስትለማመድ አያት። ቆራጩ ሁሉም ለምሳ እስኪወጣ ጠበቀና መቀሱን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ምን እንደተቀሰቀሰ አይታወቅም፤ ሱሪው ግን ሁለቱም እግሩ የግራ ሆኖ ተቆረጠ። ጨርቁን ጠቅልሎ መደርደሪያው ሥር ወሸቀና ጥፋቱን በሙሉ በፕሮፌሰሩ ላይ ጻፈው።

ቂሙን የሚወጣበት ቀን ከአንዲት ደንበኛ ጋር መጣ። የአንጎል ሐኪም ነች፤ ካፖርት ልታሰፋ ለልክ ቆማ ሳለ ቆራጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዶክተር፣ እውነት ከአንጎላችን የምንሠራበት አሥር በመቶውን ብቻ ነው?" አላት።

"ማነው እንዲህ ያለው? ሁሉም ይሠራል። ተኝተን እንኳ አያርፍም።"

ልቡ ቅቤ ጠጣ። "ካፖርቱን ለመውሰድ ሲመጡ ለዚያ ለካውያው ሰውዬ ይህንኑ ጮክ ብለው ይንገሩልኝ" ብሎ ለመናት። ልጁ ባለችበት እንዲሆን ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ቀጠራት።

ቀኑ ደረሰ። ሐኪሟ ካፖርቱን ለብሳ ራሷን በመስታወት ካየች በኋላ ወደ ካውያው ዞር አለችና፣ "ያ አሥር በመቶ የሚባለው ነገር እኮ..." ብላ ጀመረች። ፕሮፌሰሩ ካውያውን አስቀመጡ። በሕይወታቸው የአንጎል ሐኪም ሲያነጋግራቸው የመጀመሪያቸው ነውና ሸሚዛቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፊታቸው በርቷል። ቆራጩ ልጁን አያት። እሷ ፕሮፌሰሩን ሳይሆን ሐኪሟን ነበር የምታየው፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ "እባክዎ ይተዉት" በሚል ዓይን። ያኔ ገባው። ልጅቷ ታውቃለች። ወሬው ውሸት መሆኑን ትምህርት ቤት ከተማረች ቆይታለች። ካውያው አጠገብ የምትቀመጠው ለእውቀቱ አልነበረም።

ቆራጩ ሜትሩን ከትከሻው መንጭቆ ሐኪሟ አንገት ላይ ጠመጠመው።

"ዶክተር፣ አይናገሩብኝ። ኮሌታ እየለካሁ ነው፤ ሲያወሩ ልኩ ይዛባል።"

"ካፖርቱ አልቋል አላልከኝም?"

"አይናገሩ አልኩዎ እኮ።"

ስፒል ሰካ፣ ነቀለ፣ በጠመኔ አሰመረ፣ ያሰመረውን አራገፈ። ከበር እስክትወጣ ድረስ አላስተነፈሳትም።

"ምን ልትለኝ ነበር ይሆን?" አሉ ፕሮፌሰሩ በሩን እያዩ።

"እንደርስዎ ያለ ሰው ገጥሟት እንደማያውቅ ልትነግርዎ ነበር" አለ ቆራጩ። ሲናገረው እውነት ሆኖ ተሰማው፤ ይህም ትንሽ አናደደው።

ልጅቷ ደብተሯን አንስታ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብጥስጣሽ ጨርቅ በክንዷ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ይቺን ጥያቄ እያት እስቲ።"

"እኔ ሒሳብ መች አውቃለሁ?"

"እንደማታውቅ አውቃለሁ። ዝም ብለህ አጠገቤ ሁን።"

ሁለቱ ደብተሩ ላይ አቀረቀሩ። ፕሮፌሰሩ ከወዲያ ማዶ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ሳል ሳይኖርባቸው ሁለት ጊዜ ሳሉ። የተተኮሰውን ሸሚዝ እንደገና ተኮሱት። ያንን ፊት ቆራጩ በደንብ ያውቀዋል፤ ወራት ሙሉ የራሱ ፊት ነበር።

"ፕሮፌሰር" አላቸው፤ "ካውያውን ነቅለው ይምጡ እንጂ። ይቺ ጥያቄ ሁለት ሰው የሚበቃት አይደለችም።"